መኪናው መጥጦ ወጣ፤ የት ደፋው?

ይህ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የሠፈር ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ድምፁ ተቀድቶ ስለነበር ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ ብዙም አልነካካሁትም። አዳራሹ ውስጥ የቤት ባለቤቶች፣ ተከራዮች፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አባላት፣ ጥቂት የቧንቧ ሠራተኞች፣ ከኋላ ደግሞ ተማሪዎች ነበሩ።

እንደምን አደራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት የቤት ጣጣችሁንና ገበያውን ትታችሁ ስለ ፍሳሽ ለመስማት መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ቤታችሁ ያለው ሴፕቲክ ታንክ፣ ሁላችንም «ሴፍቲ ታንክ» የምንለው ማለቴ ነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተመጠጠ የምታስታውሱ እስቲ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ አሥር አሥራ ሁለት እጅ አያለሁ። አሁን ደግሞ መኪናው መጥጦ ከግቢያችሁ ከወጣ በኋላ የት ሄዶ እንደደፋው የምታውቁ አውጡ።

ማንም የለም።

እኔ ዛሬ የመጣሁት ለዚች ለሁለተኛዋ ጥያቄ ነው።

በፍሳሽ ሥራ 19 ዓመት ቆይቻለሁ። ሦስት ከተማ ሠርቻለሁ። በሄድኩበት ሁሉ ሰው የሚለኝ አንድ ነው፤ «ከተማችን እኮ የፍሳሽ መስመር የላትም፤ መስመር እስኪዘረጋ ምን እናድርግ?» ይለኛል። እውነት ነው፣ ከአዲስ አበባ ውጭ አብዛኞቹ ከተሞቻችን ከየቤቱ የሚሰበስብ መስመር የላቸውም። አዲስ አበባም ብትሆን ቃሊቲ ላይ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የሚያጣራ ጣቢያ ገንብታ ገና ሁሉንም ሠፈር አላዳረሰችም። ግን መስመር የለም ማለት ፍሳሽ የለም ማለት አይደለም። እናንተ ዛሬ ጠዋት ተጣጥባችሁ፣ ሽንት ቤት ገብታችሁ፣ የቡና ስኒ አለቅልቃችሁ ነው የመጣችሁት። ያ ውሃ አሁን፣ እኔ እያወራሁ፣ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። መስመር የሌላት ከተማም የራሷ የፍሳሽ ሥርዓት አላት፤ ጉድጓዱ፣ መጣጭ መኪናው፣ የመንገድ ዳር ቦዩ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሐይቁ። ማንም አላቀደውም እንጂ በየቀኑ ይሠራል።

እስቲ ከጉድጓዱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ታንኩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ፍሳሹ ሲገባ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ስቡና ሳሙናው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ መሐል ያለው ፈሳሽ ብቻ ወደ ሁለተኛው ክፍል ያልፍና ከዚያ ወደ መስረጊያው፣ ማለትም ፈሳሹ ወደ አፈር ወደሚሰርግበት ጉድጓድ፣ ይሄዳል። አፈሩ ደግሞ ቀሪውን ያጣራል። ታች የሚቀረው ዝቃጭ በአንድ ሰው በዓመት ወደ 40 ሊትር ይጠጋል። ስድስት ሰው የሚኖርበት ቤት ከሆነ በዓመት 240 ሊትር ይሆናል። ታንኩ 3 ሜትር ኩብ ቢይዝ፣ አንድ ሦስተኛው በዝቃጭ እስኪሞላ አራት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ያኔ መመጠጥ አለበት። ካልተመጠጠ ዝቃጩ ከፈሳሹ ጋር እየተገፋ ወደ መስረጊያው ይሄዳል፤ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ከዚያ በኋላ ታንኩን በየወሩ ብታስመጥጡትም መስረጊያው አይመለስም። አዲስ መቆፈር ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትቀየሙኝ። ሰዎች በኩራት «የእኔ ጉድጓድ 20 ዓመት ሙሉ ሞልቶ አያውቅም» ይሉኛል። ይሄን ስሰማ ሆዴ ይባባል። ሰው እየኖረበት 20 ዓመት የማይሞላ ጉድጓድ ወለሉ ያልተለሰነ ጉድጓድ ነው። ግንበኛው «እንዳይሞላባችሁ» ብሎ ታችውን ክፍት ትቶት ሄዷል። አልሞላም ማለት እንግዲህ ሁሉም ነገር፣ ፈሳሹም ዝቃጩም፣ በቀጥታ ወደ መሬት ውስጥ ውሃ እየገባ ነው። ጎረቤት ደግሞ የውሃ ጉድጓድ አለው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ልጆቹን በዚያ ያጥባል፤ አንዳንዴም ይጠጣል። በሽንት ቤትና በውሃ ጉድጓድ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር፣ በጉድጓዱ ወለልና በከርሰ ምድር ውሃው መካከል ደግሞ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይኑር የሚባለው በከንቱ አይደለም። እዚህ ሐይቁ ዳር ባሉት ሠፈሮች ግን ክረምት ላይ አንድ ሜትር ስትቆፍሩ ውሃ ታገኛላችሁ። አንድ ሜትር ተኩሉ ከየት ይመጣል? እንደዚህ ባለ ቦታ መስረጊያ ጉድጓድ መፍቀድ ራሱ ስህተት ነው። ታንኩ ዙሪያውን የታሸገ፣ በጊዜው የሚመጠጥ መሆን አለበት።

እሺ፣ ተመጠጠ እንበል። መኪናው መጣ፣ ቱቦውን ዘረጋ፣ ሠፈሩ አፍንጫውን ያዘ፣ ከፈላችሁ፣ ሄደ።

አንድ ትንሽ መጣጭ መኪና 5 ሜትር ኩብ ይይዛል። 5 ሺህ ሊትር ማለት ነው። አንድ ሰው በቀን ሽንትና ሰገራው ቢደመር ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ይሆናል። እንግዲህ አስሉት። ያ መኪና የጫነውን ሜዳ ላይ ቢደፋ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሺህ ሰው በአንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ ወጥቶ እንደተጸዳዳ ቁጠሩት። ደግሞም ጥንካሬው ሌላ ነው። በመኪና የሚጓዝ ዝቃጭ በመስመር ከሚሄድ ፍሳሽ ከ10 እስከ 100 እጥፍ የጠነከረ ነው። ወስፋት ታውቃላችሁ። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለወራት፣ ሲመቸው ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዝቃጩ በተደፋበት መሬት ላይ ሰላጣ ይተከላል፤ ሰላጣው ገበያ ይመጣል።

አንድ ሌሊት ያየሁትን ልንገራችሁ። እዚህ አይደለም፣ ቀድሞ በሠራሁባት ከተማ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ዝናብ እየዘነበ ወደ ቤቴ ስሄድ አንድ መጣጭ መኪና መብራቱን አጥፍቶ ቦዩ አጠገብ ቆሟል። ቱቦው ቦዩ ውስጥ ነው። ሹፌሩን አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ሲያየኝ ለመሸሽ አልሞከረም። «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። መድፊያው ከከተማ 14 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ክረምት ላይ ጭቃ ነው፤ ከዚህ በፊት ሁለቴ ተይዞ በትራክተር ነው የወጣው። በሩ ላይ ሲደርስ ደግሞ ክፈል ይባላል። ከ11 ሰዓት በኋላ ዝግ ነው። የመኪናው ባለቤት የሚከፍለው በምልልስ ነው፤ ያለ ምልልስ ብር የለም። ሁሉን ሲነግረኝ ዝናቡ ይመታን ነበር፤ ቱቦው ደግሞ እየደፋ ነበር።

ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ልጁ የነገረኝ ነገር ሁሉ እውነት ነበርና። ሕጉን የጻፍነው እኛ ነን። በሕጉ መሠረት የሚሠራ ሹፌር ነዳጁን ይጨርሳል፣ ይከፍላል፣ ቀኑን ሙሉ ሁለት ምልልስ ይሠራል። ሕጉን የሚጥስ በነጻ ይደፋል፣ አምስት ምልልስ ይሠራል። እኛ ደግሞ ቢሮ ቁጭ ብለን «ሹፌሮች ሥነ ምግባር የላቸውም» እንላለን። ትክክል የሠራውን የሚያከስር ደንብ ማንም አይጠብቀውም። ከዚያ በኋላ እዚያ ከተማ አንድ ነገር ለመቀየር ብዙ ለፋን። የመግቢያው ክፍያ ይነሳ፣ በሩ እስከ ማታ ይከፈት፣ ሹፌሩ ለእያንዳንዱ ጭነት ሦስት ቅጠል ያለው ደረሰኝ ይያዝ አልን። አንዱ ቅጠል ለቤቱ ባለቤት ይቀራል፣ ሁለተኛው መድፊያው ላይ ማህተም ይመታበታል፣ ሦስተኛው ወደ ውሃ አገልግሎቱ ይመለሳል። ከየቤቱ ከሚሰበሰበው ዋጋ ላይ የተወሰነው ለባለ መኪናው የሚለቀቀው ማህተም ያለበት ቅጠል ሲመጣ ብቻ ነው። ቴክኖሎጂ አይደለም፤ ካርቦን ወረቀት ነው። ሥራው ግን ተቀየረ፤ ምክንያቱም አሁን ብሩ ያለው መድፊያው ላይ ነው።

እናንተም ነገ መኪና ስትጠሩ «የት ነው የምትደፋው? ደረሰኝ ስጠኝ» በሉ። አንድ ሰው ቢል ሹፌሩ ይስቅ ይሆናል፤ ሠፈሩ በሙሉ ካለ ባለ መኪናው ያስብበታል።

ሐዋሳ ላይ ይህን ለምን አጥብቄ እንደምናገር ልንገራችሁ። ይህ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጣናን ውሰዱ፣ ዓባይ ይወጣለታል። የእናንተ ሐይቅ ግን ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከየተራራው ጎርፍ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከታች ጥቂት ይሰርጋል፤ የቀረው በፀሐይ ይተናል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ፎስፈረሱ፣ ናይትሮጅኑ፣ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቀቱ ደግሞ በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ ላይ 22 ሜትር አካባቢ። ትልቅ ይመስላል፤ ግን ገንዳ ነው። ክዳኑ ክፍት የሆነ ትልቅ ገንዳ። በላይ በኩል ጨለለቃ የሚባል ሌላ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ነው። ሐይቅ እንደሚጠፋ ሌላ አገር ሄደን ማየት አያስፈልገንም።

ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ጠዋት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ተሰልፈው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ፤ ልጆቹ ቆሮሶ ዓሣ እየገፈፉ በሐይቁ ውሃ ያጥባሉ፤ እኛም እዚያው ቁጭ ብለን ጥሬውን በሚጥሚጣ እንበላለን። እኔም እበላለሁ፣ ስለምወደው። ፎስፈረስና ናይትሮጅን ሲበዛ አረንጓዴው አልጌ ይበዛል፤ አልጌው ሲሞት የሚያበሰብሱት ተዋስያን ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ዓሣው የሚታፈነው በዚህ መንገድ ነው። እምቦጭንም ጣና ላይ አይታችኋል። ያ አረም የሚወደው ምግብ የበዛበት ውሃ ነው፤ ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽ ሁለቱም ይመግቡታል።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ፍሳሹን ጠብታ እንኳ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። በቀን 11 ሺህ ሜትር ኩብ የሚያጣራ ጣቢያ ተተከለለት፤ ውሃው ተጣርቶ መልሶ ፋብሪካው ውስጥ ይገባል። ለምን እንዲህ ተደረገ? ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ነው። ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይህን ያህል ከጠየቅን፣ ከእኛ ከቤት ባለቤቶቹና ከየሆቴሉ ምንም አለመጠየቃችን አይገባኝም። የአንድ ሠፈር ፍሳሽ ቀለም የለውም፣ ስለዚህ ዓይን ውስጥ አይገባም እንጂ ሥራው ያው ነው።

ስለ ኮንዶሚኒየም ትንሽ ልበል፤ ኮሚቴዎቹ ስላላችሁ። የእኛ ሰዎች ከዓመት ዓመት የሚፈሩት ቀን የበዓል ማግስት ነው። አንድ የፋሲካ ሰኞ ጠዋት ተጠርተን ሄድን። ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት ቤታቸው ውስጥ ፍሳሹ በወለሉ መውረጃ በኩል ወደ ላይ ወጥቶ ምንጣፋቸውን በልቶታል። ለበዓል የጎዘጎዙት ቄጤማ ይንሳፈፋል። ከላይ ያሉት አራት ፎቅ ሙሉ ሰዎች ምንም አላወቁም፤ ቡና እያፈሉ ነበር፤ የእነሱ ውሃ ነው እኚህ እናት ቤት የሚወጣው። ማንሆሉን ከፍተን ሽቦ ስንሰድ መጀመሪያ የወጣው ፈርስ ነው። የበግ ፈርስ። ቀጥሎ የዶሮ ላባ፣ ከዚያ ጮማው እንደ ሻማ ረግቶ በቱቦው ልክ ተቆርጦ ወጣ፤ በእጄ ስይዘው የቱቦው ቅርጽ ነበረው። ከሥሩ ዳይፐር፣ ሞዴስና የወለል መጥረጊያ ጨርቅ። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። እኚያ እናት እኛን ምሳ ካልበላችሁ ብለው ለመኑን፤ ቤታቸው እንደዚያ ሆኖ።

ፈርሱን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ መስጠት አሥር ደቂቃ ነው። የድስቱን ቅባት በሶፍት ጠርጎ ከዚያ ማጠብ አንድ ደቂቃ ነው። ኮሚቴዎች፣ ከበዓል ሦስት ቀን በፊት በየደረጃው ወረቀት ለጥፉ። እርድ የሚታረድበትን ቦታ ለዩ፤ ከማንሆል የራቀ ይሁን። ሌላው ደግሞ የጣሪያ ውሃ ነው። አንዳንዱ ግቢው እንዳይጨቀይ ብሎ የጣሪያውን አሸንዳ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ያገናኘዋል። አንድ ከባድ ዝናብ ሲዘንብ መስመሩ ያን ሁሉ አይችልም፤ ማንሆሉ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። የዝናብ ውሃና ፍሳሽ መገናኘት የለባቸውም፤ በዚህም በዚያም በኩል።

ክረምት ሲመጣ ታንኩን ወደ ቦይ የሚከፍተውን ግን ምን እንበለው? ጎርፉ ይወስደዋል ይላል። ጎርፉ የት ይወስደዋል? ታች ወዳለው ሠፈር፣ እዚያ ወዳሉ ልጆች። በነሐሴ 2014 ባሌ ውስጥ የጀመረው ኮሌራ ከዚያ በኋላ ስንቱን ክልል እንዳዳረሰ አይታችኋል። ኮሌራ በአብዛኛው የሚመጣው በሰገራ የተበከለ ውሃ ወይም ምግብ ወደ አፍ ሲገባ ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ «ማን ይሰማናል» ለምትሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የከተማ አስተዳደሮች የከተማውን ቆሻሻ የመሰብሰብ፣ የማጓጓዝና ጉዳት በማያደርስ መንገድ የማስወገድ ግዴታ እንዳለባቸው ያስቀምጣል። የበከለ ሰው ማጽዳት እንዳለበትም ይላል። እኔ በጣም የምወደው ግን አንቀጽ 11ን ነው። ማንኛውም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ስለዚህ በቃል አትናገሩ። በጽሑፍ አስገቡ፤ የገባበት ቀን ያለበት ማህተም ቅጂያችሁ ላይ አስመቱ፤ ከዚያች ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ። ስንት ሠፈር አውቃለሁ ለዓመታት ሲጮህ ኖሮ አንዲት ማህተም ያለባት ወረቀት የሌለው።

ግን ሁሉን በክስ አንጨርሰውም። ከተማው ሊሠራ የሚችለው አንድ ቀላል ነገር አለ፤ የግንባታ ፈቃድ ላይ ነው። ታንክ ሲሠራ አፈር ከመመለሱ በፊት ባለሙያ መጥቶ ያየዋል፤ በውሃ ተሞልቶ ለአንድ ቀን ይቀመጣል፤ ውሃው ከወረደ ያፈሳል ማለት ነው፣ ይጠገናል። ክዳኑ መኪና ሊደርስበት በሚችል ቦታ ይሁን። ስንት ቤት ሄጃለሁ ክዳኑ ሳሎን ሴራሚክ ሥር የተቀበረ! አንድ ቀን ቁጥጥር 30 ዓመት ይጠቅማል።

አሁን ገንዘቡን አንሱብኝ፤ አውቃለሁ ታነሱታላችሁ። ፊሊፒንስ ውስጥ ዱማጌቴ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች፤ ሕዝቧ ከ100 ሺህ የሚበልጥ። እሷም መስመር የላትም፤ አብዛኛው ቤት ታንክ ነው ያለው። ከንቲባውና የውሃ ድርጅቱ ተስማምተው ውሃ ቢል ላይ በየሜትር ኩቡ ሁለት ፔሶ ጨመሩ። በቃ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኪናው ሠፈር በሠፈር እየዞረ የእያንዳንዱን ቤት ታንክ በተራው ይመጥጣል፤ በሦስት፣ በአራት፣ በአምስት ዓመት አንዴ ይደርሳችኋል። ተራችሁ ሲደርስ አትከፍሉም፤ ቀስ በቀስ ከፍላችሁ ጨርሳችኋል። ዝቃጩ የሚሄደው ወደ ተከታታይ ኩሬዎች ነው፤ ከፍተኛ ማሽን የለውም። ሕንድ ውስጥ ማሃራሽትራ ላይ ዋይ የምትባል ከዚያም ያነሰች ከተማ በሦስት ዓመት ዙር እንዲሁ ታደርጋለች።

እኛ ጋ ሰው መኪና የሚጠራው ጉድጓዱ ሞልቶ ግቢው ሲጥለቀለቅ ነው። ያኔ ይጨነቃል፣ የጠየቁትን ይከፍላል፣ የትም ይደፋ ግድ የለውም። ደሃው ደግሞ ያን ብር በአንዴ ከየት ያመጣል? ክረምቱን ይጠብቃል። በየወሩ ውሃ ቢል ላይ የምትጨመር ትንሽ ብር ግን ማንም ቤት ይችላታል። በእኔ እምነት ለትንሽ ከተማ ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው፤ ከትልቁ መስመርም ይቀድማል።

መስመሩን አልጠላም። ቤት ለቤት ተጠጋግቶ በተሠራበት፣ መስረጊያ በማይሆንበት ሠፈር መስመር ያስፈልጋል። ብራዚሎች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምረው የሠሩት ዘዴ አለ፤ መስመሩ በየመንገዱ መሐል በጥልቀት ከሚሄድ በየግቢው ጓሮ ወይም በእግረኛ መንገድ ሥር፣ ጠባብ ቱቦ ሆኖ፣ ጠለቅ ሳይል ይሄዳል። ቁፋሮው ስለሚያንስ ወጪው ይቀንሳል። ግን ጎረቤታሞች መስማማት አለባቸው፤ ቱቦው በእገሌ ጓሮ ያልፋልና። ማጣሪያ ጣቢያም ሲመጣ ቀን ከሌሊት መብራት የሚፈልግ፣ መለዋወጫው በዶላር የሚገዛ ማሽን ከሚያመጡልን ኩሬ ይሥሩልን እላለሁ። መሬት ይፈጃል፤ ፀሐይና ጊዜ ግን በነጻ ነው። መብራት ሲጠፋ ኩሬው አይቆምም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ ተጠየቀ። አንድ ተማሪ ጋዙን ጠየቀኝ፤ ከዝቃጩ ባዮጋዝ አይወጣም ወይ አለ። ይወጣል፤ ለትምህርት ቤት፣ ለማረሚያ ቤት፣ ብዙ ሰው በአንድ ግቢ ለሚኖርበት ቦታ ጥሩ ነው፤ ለአንድ ቤት ግን የስድስት ሰው ዝቃጭ ብቻውን ወጥ አያበስልም፣ የከብት እበት ሊጨመርበት ይገባል።

አንድ ነጠላ የለበሱ አባት ከፊት ተነሡ። «ልጄ፣ ሁሉ መልካም ነው። እኔ ግን ጉድጓዴ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ በምን አውቃለሁ? ልግባ አይሉኝ» አሉ።

«አይ አባባ፣ በፍጹም እንዳይገቡ!» አልኳቸው። ልጅም እንዳያስገቡ፣ የቀን ሠራተኛም ቢሆን። ታንኩ ውስጥ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ አለ። መጀመሪያ ይሸታል፤ ሲበዛ ግን ማሽተቻችንን ያደነዝዘዋል፤ ሰውየው ሽታው የጠፋ መስሎት ደስ ብሎት ይወርዳል፣ እዚያው ይወድቃል። ሊያወጣው የሚገባው ሁለተኛው ሰውም ይወድቃል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወገቡ ላይ ገመድ ስለነበር ብቻ ነው ዛሬ ያለው፤ ጎትተን ስናወጣው ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

የሚደረገው እንዲህ ነው አባባ። ከታንኩ ጥልቀት የሚረዝም ቀጥ ያለ እንጨት ፈልጉ። ከታች ጀምራችሁ እስከ ሜትር ተኩል ድረስ ነጭ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልሉበት፣ በሲባጎ እሰሩት። ክዳኑን ከፍታችሁ ትንሽ ጊዜ ራቅ በሉ፣ ጋዙ ይውጣ፤ ክብሪት አትጫሩ፣ ሲጋራም አይኑር። ከዚያ አንገታችሁን ሳታስገቡ፣ ቆማችሁ፣ እንጨቱን ቀስ አድርጋችሁ ወለሉ እስኪነካ ስደዱት። አምስት ደቂቃ ያህል ያዙት። ቀስ ብላችሁ አውጡት። ጨርቁ ላይ ከታች ጥቁር ሆኖ የተለጠፈበት ቦታ ዝቃጩ ነው፤ ከላይ እርጥብ ብቻ የሆነው ፈሳሹ ነው። ጥቁሩ ከእርጥቡ ጋር ተደምሮ ካለው ቁመት አንድ ሦስተኛ ከደረሰ መኪና ጥሩ። ካልደረሰ ክዳኑን መልሱ፣ ልጅ እንዳያነሳው ድንጋይ ጫኑበት፣ ጨርቁን ቅበሩ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ቀኑን ደግሞ ግድግዳው ላይ ጻፉት።

«ግድግዳው ላይ» አሉ አባታችን፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ ከዚያ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጃቸውን እስክሪብቶ ጠየቁና እንጨቱን፣ ጨርቁንና አንድ ሦስተኛውን ወረቀት ላይ ማስጻፍ ጀመሩ።